አንካሳው ንጉሥና የማር ቆራጩ ሚስት

ተረት ልንገራችሁ?

«ይንገሩን!»

እንግዲያው ጆሮ ያለው ወደዚህ ያቅና፣ ሥራ ያለው ወደ ሥራው ይሂድ። ዛሬ የምነግራችሁ ተረት ያስቃል፤ እኔን ግን ሁልጊዜ ያናድደኛል። አባቴም ሲነግረኝ እየተናደደ ነበር። እናንተም ስቃችሁ ስታበቁ ካልተናደዳችሁ ተረቱ አልገባችሁም ማለት ነው።

ድሮ ነው፤ በጣም ድሮ። በአንድ ደጋ አገር አንድ ንጉሥ ነበር። ክፉ ንጉሥ አልነበረም። ደግም አልነበረም። ሲያመሰግኑት ደስ የሚለው፣ ሲነቅፉት የሚከፋው፣ እንደ ማንኛችንም ያለ ሰው ነበር።

አንድ ቀን ይህ ንጉሥ ወንዝ ሲሻገር በቅሎው ደንብራ ጣለችው። ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ታሰረለት፣ ተሻለው፣ ግን አልቀናም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንጉሡ በቀኝ እግሩ አነከሰ።

ንጉሡ ድልነሣ የሚባል አጋፋሪ ነበረው። አጋፋሪ ማለት የንጉሥ ደጅ የሚጠብቅ፣ ሰው የሚያስገባና የሚያስወጣ ሹም ነው። አጋፋሪ ድልነሣ ሁለት ጤነኛ እግር ነበረው፤ ገደል የሚያዘልል ጤነኛ እግር! ንጉሡ ለመጀመሪያ ጊዜ እያነከሰ ከእልፍኙ ሲወጣ አጋፋሪው አየው። ጥቂት አሰበ። ከዚያ ከኋላው ተከተለና በቀኝ እግሩ አነከሰ።

ንጉሡ ዞር ብሎ፣ «አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» አለው።

«ጃንሆይ፣ ጌታዬን እያመመው እኔ በደህና እግር ልሂድ? አንጀቴ እንቢ አለኝ» አለ አጋፋሪው።

ንጉሡ ደስ አለው። ጥለቱ የሰፋ ሸማ ሸለመው።

በማግስቱ ጸሐፊው አነከሰ። በሳልስቱ የጦር አበጋዙ አነከሰ። ጋሻ ጃግሬው አነከሰ። ጠጅ አሳላፊው አነከሰ። ሸማ ፈልጎ ያነከሰ ነበር። ሹመቱን ፈርቶ ያነከሰ ነበር። ሌላው ስላነከሰ ብቻ ያነከሰም ነበር። አራት ወር ሳይሞላ ግቢው በሙሉ አነከሰ። ውሃ ቀጂዋ እንኳ እንስራዋን እንዳዘለች አነከሰች፤ እንስራው ወድቆ ተሰበረ፤ ሌላ እንስራ አመጣችና አሁንም አነከሰች።

እግዜር የሰጠውን ደህና እግር መሬት ለመሬት የሚጎትት ሰው አያናድድም? እኔን ያናድደኛል።

ንጉሡ ግን አልተናደደም። ሲራመድ እግሩን ያመው ነበር። ዙሪያውን ሲያይ ሁሉም ያነክሳል። «የእኔ ብቻ አይደለም» ብሎ ተጽናና። ቀስ በቀስ የእነሱ ማንከስ ውሸት መሆኑን ማሰብም ተወ።

ከግቢው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ ቆላ ውስጥ፣ እንዳላማው የሚባል ማር ቆራጭ ይኖር ነበር። ይህ ሰው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ቀፎ ሊሰቅል ዋንዛ ላይ ወጥቶ ወደቀ። ግራ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረለት፤ ዳነ፤ እግሩ ግን በአንድ ጋት አጠረ። እያነከሰ ዛፍ ይወጣል፣ እያነከሰ ያርሳል፣ እያነከሰ ቤቱን ያኖራል።

ሚስቱ አንጓች ትባላለች። አንጓች ቁመቷ አጭር ነው፤ ንግግሯም አጭር ነው። ስትቆጣ አትጮህም። ድምጿ ዝቅ ይላል። መንደሩ የሚፈራው ያንን ዝቅ ያለ ድምፅ ነው።

እንዳላማው አንድ ቀን ለንጉሡ ጠጅ የሚሆን ማር በቅል ተሸክሞ ወደ ግቢው ሄደ። በሩን ሲያልፍ ደነገጠ። ወደ ግራ ቢያይ ሰው ያነክሳል። ወደ ቀኝ ቢያይ ሰው ያነክሳል። ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ ሴቱ፣ ወንዱ ያነክሳል። እንዳላማው የዋህ ሰው ነበረና አዘነላቸው። በአጠገቡ የሚያልፈውን አጋፋሪ ድልነሣን እጁን ያዘና፣

«እኔን ጌታዬ! እናንተም ሁላችሁ ከዛፍ ወደቃችሁ?» አለው።

አጋፋሪው ከላይ እስከ ታች አየው። ሲራመድ አየው። የእንዳላማው ትከሻ ይወርዳል፣ ዳሌው ይዞራል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ይወጣል። ጥሩ ብር አጠገቡ ሲቀመጥ መጥፎው ብር እንደሚጋለጥ፣ የእሱ ማንከስ የሌሎቹን ማንከስ አጋለጠው። አጋፋሪው ይህን አወቀ። ፈራ። እየፈራም ወደ ንጉሡ ሄደ።

«ጃንሆይ፣ አንድ ባላገር የእርስዎን አረማመድ ቀድቶ በአደባባይ ይንጎራደዳል» አለ።

እንዳላማውን አቀረቡት። ንጉሡ፣ «ምን ሆነህ ነው የምታነክሰው?» ብሎ ጠየቀው።

«ወድቄ ነው ጃንሆይ» አለ እንዳላማው።

ከንጉሡ ፊት «መውደቅ» የሚለውን ቃል የተናገረ ሰው በአራት ወር ውስጥ አልነበረም። የንጉሡ ፊት ቀላ።

«ያዙት! እግር ብረት አግቡበት! ያነከሰበት እግር ይቆረጥ!»

በዚያ አገር ወግ የአካል ፍርድ የሚጸናው በሦስት ቅዳሜ፣ በሦስት ችሎት ነው። የሚሟገትለት ሰው ካለ በእነዚያ ሦስት ቅዳሜዎች ይቀርባል። ከሌለ በሦስተኛው ቅዳሜ ማታ መጥረቢያው ይወጣል።

ወሬው ቆላ ደረሰ። አንጓች በትሯን አነሳች። ነጠላዋን አጣፋች። ሄደች።

በሩ ላይ ዘበኛው፣ «እናቴ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም? ተመለሺ» አላት።

«ሰማይ ላርስ አልመጣሁም» አለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ባሌን ልወስድ ነው የመጣሁት። ዘወር በል።»

ዘበኛው ዘወር አለ።

የመጀመሪያው ችሎት ተሰየመ። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ፣ ሹማምንቱ ግራና ቀኝ፣ እንዳላማው በእግር ብረት መሐል።

«የባሌ ጥፋት ምንድን ነው?» አለች አንጓች።

«ቀድቷል» አለ አጋፋሪ ድልነሣ። «የንጉሥን አረማመድ ቀድቷል። ተራ ሰው የንጉሥን ማኅተም ቢቀዳ ይቀጣል። አረማመዱን የቀዳም ይቀጣል።»

«ጌታዬ አጋፋሪ፣ የሚቀዳ ሰው ምኑን ነው የሚቀዳው?»

«ያየውን ነዋ።»

«ጃንሆይ የሚያነክሱት በየትኛው እግር ነው?»

«በቀኝ።»

«ባሌስ?»

አጋፋሪው ወደ እንዳላማው ዞረ። እግሩን ሁሉም ያያል። ግራ ነው።

«ባሌ ካነከሰ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ጃንሆይ ካነከሱ አራት ወር» አለች አንጓች። «ባሌ ንጉሡን በዓይኑ ያየው ያሰሩት ዕለት ነው። ያላየውን የሚቀዳ ሰው አለ? ይልቅ እናንተ ሁላችሁ በቀኝ ነው የምታነክሱት። ቀጂ ከተፈለገስ እዚሁ ሞልቷል።»

ሹማምንቱ አጉረመረሙ። ንጉሡ ጢሙን ዳሰሰ። «መቅዳቱ ቀርቶለታል» አለ። «ሌላ ክስ ካለ በሚመጣው ቅዳሜ ይቅረብ።»

አንጓች ባሏን እስር ቤት ሄዳ አየችው። እግር ብረቱ ቁርጭምጭሚቱን አቁስሎታል።

«አንጓች፣ ተዪው» አላት። «እግር ነው። ያውም የተሰበረው። ይውሰዱትና ቤቴ ልግባ። አንቺን ጭምር እንዳያጠፉሽ።»

አንጓች ተቆጣች። «ዘጠኝ ዓመት በዚህ እግር ቆመህ አብልተኸኛል። ይህ እግር የአድርባይ መጫወቻ አይሆንም። ሁለተኛ ተዪው እንዳትለኝ» አለችው። ከዚያ ነጠላዋን ቀደደችና ቁስሉን አሰረችለት።

ወደ ቆላ ተመልሳ እግሩን ያሰረውን ወጌሻ፣ አያ ገላውን፣ ለመነችው። «አንቱ በእጅዎ ያሰሩት እግር ነው። መጥተው ይመስክሩ።» አያ ገላው እሺ አለ። አብረው መጡ።

ሁለተኛው ችሎት ተሰየመ።

«ክሱ ተለውጧል» አለ አጋፋሪው። «አልቀዳም። አላገጠ! ንጉሡ በቀኝ ሲያነክሱ እሱ አውቆ በግራ አነከሰ። የንጉሥን ነገር ገልብጦ ማሳየት ማላገጥ ነው። መቅዳት ሌብነት ነው፣ ማላገጥ ግን ንቀት ነው። ንቀት ይብሳል።»

«የሚያላግጥ ሰው ሰው ሲያየው ያላግጣል፣ ብቻውን ሲሆን ያርፋል» አለች አንጓች። «ባሌ ጫካ ውስጥ ብቻውን ነው የሚውለው። ለዛፍ ነው እንዴ የሚያላግጠው? ምስክር አለኝ። እግሩን ያሰረው ወጌሻ ይኸውና።»

አያ ገላው ተነሳ። ሊራመድ ሲል ዙሪያውን አየ። ጸሐፊው ያነክሳል፣ አበጋዙ ያነክሳል፣ በር ላይ ያለው ዘበኛ ያነክሳል። በልቡ «ከነገሩ ጦም እደሩ» አለ። አንድ እርምጃ ቀጥ ብሎ ተራመደ። ሁለተኛውን ግን በቀኝ እግሩ አነከሰ!

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» አለው ንጉሡ።

«እ... ጃንሆይ፣ የማስረው እግር ብዙ ነው። ይህንን... አላስታውስም» አለ። እያነከሰም ወጣ።

ሹማምንቱ ሳቁ። ንጉሡ፣ «ምስክር የለሽም። በሚመጣው ቅዳሜ ፍርዱ ይፈጸማል» አለ።

አንጓች አላለቀሰችም። ከበሩ ውጭ ስትደርስ አያ ገላው ቀጥ ብሎ ፈጠን ፈጠን እያለ ሲሄድ አየችው። ቆማ አየችው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። እነዚህን ሰዎች በቃል ብትረታቸው ሌላ ቃል ያመጣሉ። በምስክር ብትመጣ ምስክሩን ያስነክሱባታል። የሚመሰክርባቸው የገዛ እግራቸው ብቻ ነው።

ቤቷ ገባች። ከሁሉም የከፋ ንብ ያለበትን ቀፎ መረጠች፤ እንዳላማው ራሱ የሚፈራውን። መክደኛውን ጠበቅ አድርጋ ዘጋች፣ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለች፣ በአህያ ጫነች። ቀኑን ሙሉ በአህያ ጀርባ ሲናጥ የዋለ ንብ እንዴት እንደሚቆጣ ታውቃላችሁ? አንጓችን ያህል ይቆጣል።

ሦስተኛው ችሎት ተሰየመ። መጥረቢያው ተስሎ ግንድ ላይ ተቀምጧል።

«ጃንሆይ፣ አንድ ነገር ልለምን» አለች አንጓች። «እግር ብረቱ ይፈታለት። በእግር ብረት ታስሮ የማያነክስ ሰው የለም።»

ንጉሡ አስፈታለት።

«አሁን ደግሞ ጌታዬ አጋፋሪ የመጨረሻ ቃላቸውን ይናገሩ። መቅዳት አሉ፤ ቀረ። ማላገጥ አሉ። ዛሬስ ምን ይላሉ?»

አጋፋሪው ጮኸ። «አስመሰለ! ጤነኛ ነው። ያልታመመውን ታመምኩ ብሎ ያስመስላል! ወጌሻውም አላውቀውም ብሏል!»

አንጓች ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ደስ የማይል ፈገግታ ነበር።

«ጃንሆይ፣ የሚያስመስል ሰው በምን ይታወቃል?»

«አንቺ ንገሪኝ» አለ ንጉሡ።

«የታመመ ሰው ቢደነግጥም ሕመሙ አይረሳውም። ያስመሰለ ግን ሲደነግጥ ይረሳል። እውነት ነው?»

ንጉሡ አሰበ። «እውነት ነው።»

«እንግዲያው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት እጅ መንሻዬን ልስጥ። ከቆላ ያመጣሁት ነው። ጃንሆይ ሳያዩት ማንም እንዳይከፍተው።»

በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ነገር አደባባዩ መሐል አስቀመጡት። አጋፋሪ ድልነሣ አሽተተ። ማር ማር ይሸታል። ከንጉሥ በፊት እጅ መንሻ መክፈትና ከላይ ከላዩ ማንሳት የቆየ ልማዱ ነበር።

«ለንጉሥ የሚገባ ነገር ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል» አለ።

«እንዳይከፈት ብያለሁ ጌታዬ» አለች አንጓች።

ከፈተው።

ንቡ ወጣ። እንደ ጭስ ወጣ። መጀመሪያ የአጋፋሪውን አፍንጫ ነደፈ፣ ቀጥሎ የጸሐፊውን ጆሮ፣ ቀጥሎ የአበጋዙን አንገት። ኡኡታው ቀለጠ። ያን ጊዜ እነዚያ አንካሶች ሮጡ! አበጋዙ ጋሻውን ጥሎ ሮጠ። ጸሐፊው ወረቀቱን ጥሎ ሮጠ። ጠጅ አሳላፊው በጸሐፊው ላይ ዘሎ ሮጠ። ማንም አላነከሰም። አንድም ሰው! አጋፋሪ ድልነሣ በሩ ሲጠብበት አጥሩን ዘለለ፤ ሦስት ክንድ ከፍታ ያለውን አጥር በአንድ ዝላይ።

ንጉሡ ሊሮጥ ተነሳ። እግሩ እንቢ አለው። ተደናቀፈ። አንጓች ደረሰችና የተቀደደ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ አለበሰችው።

«አይንቀሳቀሱ ጃንሆይ። ካልተንቀሳቀሱ ይተውዎታል» አለችው። እሷን ግን በባዶ ራሷ ሰባት ቦታ ነደፋት። አልተንቀሳቀሰችም።

እንዳላማው እያነከሰ፣ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ሳይቸኩል ወደ ቀፎው ሄደ። ጥላ ወዳለበት አዞረው። ጭስ አጨሰ። ንቡ ቀስ በቀስ ገባ። ከደነው።

ንጉሡ ከነጠላው ሥር ዓይኑን አወጣ። አደባባዩ ባዶ ነው። ጋሻ፣ ወረቀት፣ ጥላ፣ ጫማ ወድቋል። ከዚያ ሁሉ ሰው የቀረው አንድ አንካሳ ማር ቆራጭና ሚስቱ ብቻ ነው።

«ሁሉም ሮጡ?» አለ።

«ሮጡ።»

«ቀጥ ብለው?»

«እንደ ሰጋር ፈረስ።»

ንጉሡ ነጠላውን ከላዩ ገፈፈ። «ሲያላግጡብኝ ከርመዋል ማለት ነው!»

«አላላገጡም» አለች አንጓች። «የሚያላግጥ ሰው ቢያንስ ይስቃል፤ ሳቁን ሰምተው ይቀጡታል። አልቀዱምም። ልጅ አባቱን ቢቀዳ አባቱን ለመሆን ነው፤ ከእነዚህ መሐል ግን እርስዎን መሆን፣ ያንን ሕመም መታመም የፈለገ አንድም የለም። አስመሰሉ። ትክክለኛው ቃል እሱ ነው፤ ጌታዬ አጋፋሪ ራሳቸው ተናግረውታል።»

«እቀጣቸዋለሁ!»

«ይቅጧቸው። እኔ ግን የተናደድኩት በእነሱ ብቻ አይደለም።»

«በማን ነው?»

ድምጿ ዝቅ አለ። «በእርስዎ። እነሱ አስመሰሉ፤ እርስዎ ወደዱት። እርስዎ ባይወዱት ኖሮ አንድ ቀን አያነክሱም ነበር። ለሐሰተኛው አንካሳ ሸማ ሸለሙ። እውነተኛው አንካሳ ሲመጣ እግሩ ይቆረጥ አሉ።»

ንጉሡ ጎራዴውን ጨበጠ። አንጓች አላፈገፈገችም። ከዚያ የንጉሡ እጅ ከጎራዴው ላይ ወረደ፤ አንገቱንም ደፋ።

በዚያን ጊዜ ሹማምንቱ ፊታቸው አብጦ አንድ በአንድ ወደ አደባባዩ መመለስ ጀመሩ። ንጉሡ ቆሞ ሲያዩት፣ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? እንደገና አነከሱ! ከድንጋጤያቸው የተነሳ አንዳንዱ በግራ እግሩ አነከሰ።

«ቀና በሉ!» ብሎ ጮኸ ንጉሡ። ግቢው ተንቀጠቀጠ። «ስታነክሱ የተሸለማችሁትን ሸማ አውልቁ! በየቅዳሜው ገበያ መሐል ቆማችሁ ‹እግሬ ደህና ነው፣ ንጉሤን ዋሽቼዋለሁ› እያላችሁ አንድ ዓመት ትናገራላችሁ! ሹመታችሁንም ለማይዋሽ ሰው እሰጠዋለሁ!»

ከዚያ ንጉሡ እንዳላማውን ክንዱን ያዘው። ሁለቱ አብረው እስከ በሩ ሄዱ፤ አንዱ በቀኝ እያነከሰ፣ አንዱ በግራ እያነከሰ። ሲራመዱ ትከሻቸው ይጋጭ ነበር። በሩ ላይ ንጉሡ በቅሎ ሰጠው፤ እጅ ነስቶም ይቅርታ ጠየቀው። እንዳላማው ይቅር አለው። አንጓች በቅሎውን ተቀበለች። አላመሰገነችም። ባለጌ ናት የሚሏት አሉ። እኔ አልልም።

ከአጥሩ ውጭ ካለው ቦይ ውስጥ፣ የሚያለቅስ ድምፅ ሰሙ። አጋፋሪ ድልነሣ ነው። አጥሩን ሲዘል ቦዩ ውስጥ ወድቆ ቀኝ እግሩ ተሰብሯል። «እግሬን! ተሰበርኩ!» እያለ ይጮሃል። መንገደኛው ከበበውና ይስቃል። «ደግሞ ጀመረው!» ይላል።

አንጓች ወደ ቦዩ ወርዳ እግሩን አየች። እውነተኛ ስብራት ታውቃለች።

«አሁንስ እውነቱን ነው» አለች ለሕዝቡ።

ማንም አላመናትም። እሷም ሁለተኛ አልተናገረችም። የበቅሎውን ልጓም ይዛ ከባሏ ጋር ወደ ቆላ ወረደች።

አጋፋሪው እስኪሞት ድረስ አነከሰ። ሌሊትና ቀን ያመው ነበር። በትር ይዞ በገበያ ሲያልፍ ግን ሰው ሁሉ እየሳቀ፣ «ቀና ብለህ ሂድ እንጂ፤ ንጉሡ አያዩህም!» ይለው ነበር። «እውነቴን ነው፣ እውነቴን ነው» እያለ ይምላል። ማን ይስማው?

«የታመመ ያነክሳል፣ ያስመሰለ ይሮጣል» የሚባለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ተረቴ አለቀ። እኔ ተናግሬ ወጣልኝ፤ እናንተ ሰምታችሁ በልባችሁ ያዙት።